በጣቶቼ መሃል ያየኋቸው ሰው በላዎች

ዛሬ ስለ ኩርፊያ፣ ስለ ቅናት፣ «እደውልልሻለሁ» ብሎ ስለጠፋ ወንድ አላወራችሁም። እሱ የትም አይሄድብንም፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆየን። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጣዕም ነው። የአፍ ጣዕም እንዳይመስላችሁ፤ የዓይን ጣዕም ነው። ወሬው ስለ መበላት ቢሆንም!

ሰው ሁሉ በሳሎን የሚወደውና በጓዳ የሚወደው ነገር አለው። ለእንግዳ ስለ ዶሮ ወጥ ሲያወራ የሚውል ሰው ማታ ብቻውን የሽሮ ድስት ሙጣጭ በደረቅ እንጀራ ሲጠርግ ታገኙታላችሁ። ፊልምም እንደዚያው ነው። ሰው መሃል «ምን ዓይነት ፊልም ትወጃለሽ?» ስባል የምጠራው ስም አላጣም፤ ሽልማት የወሰደ፣ የሚያስለቅስ፣ ቁም ነገር ያለው። የጓዳዬን ከጠየቃችሁኝ ግን መልሱ ሌላ ነው፤ ጣሊያኖች በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሠሯቸው የሰው በላ ፊልሞች! (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

«ሴት ልጅ ሆነሽ?» የሚለኝ አይጠፋም። ለመሆኑ ሴት ልጅ መፍራት አይጥማትም ያለው ማነው? «እነሱ እኮ ዝባዝንኬ ናቸው» የሚለኝም አለ። አዎ፣ ናቸው። ታዲያ ዝባዝንኬ ነገር ለምን እንደሚጥመን ማወቅ ስለ ራሳችን አንድ ሁለት ነገር ይነግረናል ባይ ነኝ። ነገሩ ከሩቅ ጫካ ቢጀምርም መጨረሻው ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ጋ ነው፤ ታገሱኝ።

ወጡ አንድ፣ ድስቱ ብዙ

የእነዚህ ፊልሞች አሠራር አንድ ነው። ጥቂት ነጮች ወደ ጫካ ይሄዳሉ። ወይ አውሮፕላናቸው ይሰበራል፣ ወይ የጠፋ ዘመድ ይፈልጋሉ። «ወደዚያ እንኳ አትሂዱ» የሚል አንድ የአገሩ መንገድ መሪ ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተውም እሱ ነው። አንዲት ቆንጆ ሴት በማይታወቅ ምክንያት ልብሷን አውልቃ ወንዝ ትገባለች። አዞ ይመጣል፣ እባብ ይመጣል፣ ከዚያ ቅጠል የታጠቁት ሰዎች ይመጣሉ። የቀረውን እናንተው ጨርሱት።

አፍና ድምፅ አይገጥሙም። ጣሊያኖች በዚያ ዘመን ፊልማቸውን ቀርጸው ሲያበቁ ነበር ድምፁን ስቱዲዮ ገብተው የሚሞሉት። ስለዚህ ሰውየው አፉን ከዘጋ በኋላም ንግግሩ ይቀጥላል። የኔን ልብ የሚሰርቀኝ አንዱ ይኸው ነው።

ጀማሪው ኡምቤርቶ ሌንሲ ይባላል። በ1972 ታይላንድ ሄዶ «ማን ፍሮም ዲፕ ሪቨር» በሚል ስም የሚታወቀውን ፊልም ሠራ። ሐሳቡን ያገኘው ከሁለት ዓመት በፊት ከወጣው «ኤ ማን ኮልድ ሆርስ» ከተባለ የአሜሪካኖች የካውቦይ ፊልም ነው፤ ቀይ ሕንዶቹን አንሥቶ የእስያ ጫካ ሰዎችን ተካባቸው። በ1977 ሩጄሮ ዴዮዳቶ «ላስት ካኒባል ወርልድ»ን አመጣ። በ1978 ደግሞ ሰርጅዮ ማርቲኖ በመጀመሪያው የጄምስ ቦንድ ፊልም ከባሕር የወጣችዋን ኡርሱላ አንድረስን ይዞ ስሪላንካ ገባ፤ ታሪኩ ግን ኒው ጊኒ ነው ይላል። በ1980 ሌንሲ ተመልሶ «ኢትን አላይቭ»ን ሲሠራ ጭራሽ አዲስ መቅረጽም ሰለቸውና ከራሱም፣ ከዴዮዳቶም፣ ከማርቲኖም ፊልም ላይ እየቆረጠ ለጠፈበት! አንዱን ፊልም ያየ ሰው ሌላው ላይ ያችኑ ሴት ሁለተኛ ስትበላ ያያታል። ምን አለፋችሁ፣ የትናንት ወጥ እየተሞቀ የሚቀርብበት ቤት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ብትሉ፣ የሮም ፊልም ሠሪዎች ንግድ እንደዚያ ስለነበረ ነው። አንድ ፊልም ከሸጠ፣ ሳይቀዘቅዝ አሥር ተመሳሳይ ይወጣል። በፊት የሄርኩለስ ጡንቸኞች ነበሩ፤ ከዚያ ካውቦዮች መጡ፤ ከዚያ ፖሊሶች፣ ሰው በላዎች፣ ዞምቢዎች። ማስታወቂያውም ያው ነው። የሌንሲ «ካኒባል ፌሮክስ» በ1981 ሲወጣ «በ31 አገሮች የታገደ!» ተብሎ ነበር የሚለፈፍለት። እገዳው ራሱ ማሻሻጫ ሆነ ማለት ነው። ክልክል የተባለ ነገር ደግሞ እንዴት እንደሚጣፍጥ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ለምን ይጥማል?

በልጅነታችን ተረት ስንባል ስለ ጥሩዋ ልጅ እንዲነገረን አልነበረም የምንለምነው። ጭራቁ ነበር የሚፈለገው! ጋቢ ውስጥ ተሸጉጠን፣ ጆሯችንን በአንድ እጃችን ደፍነን፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» እንል ነበር። አያት መሃል ላይ «ይብቃችሁ፣ ተኙ» ካለች ልቅሶ ነው። ፍርሃት ከጥሩ ሰው ጋር፣ ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ሲሆን ይጥማል። ጭራቁ እንደማይመጣ ታውቃላችሁ። ግን... ቢመጣስ?

የጣሊያኖቹ ፊልም የሚሠራው በዚህች «ቢመጣስ» ላይ ነው። የአሜሪካኖቹን ትልልቅ ፊልሞች እዩ። መብራቱ ያምራል፣ ልብሱ ያምራል፣ ደሙ ሳይቀር ያምራል። ያ ሁሉ ማማር «አትስጉ፣ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበታል፣ ሁሉም ውሸት ነው» ይላችኋል። የጣሊያኖቹ ግን ምስሉ ደብዛዛ ነው፣ ካሜራው ይወዛወዛል፣ ተዋንያኑን የትም አይታችኋቸው አታውቁም። ድህነቱ ራሱ እውነት ያስመስለዋል። ርካሽነቱ ጉድለቱ ብቻ አይደለም፣ ወጥመዱም ነው።

እኛ ቅዳሜ ማታ አንዲት ጓደኛችን ኮንዶሚኒየም ተሰብስበን ስናይ ዋናው ጨዋታ «ይሄ እውነት ነው ውሸት?» ነው። ዳኛችን ነርስ ናት። ድንገተኛ ክፍል ስለምትሠራ ደም አይገርማትም። ፈንዲሻዋን እየቆረጠመች ትፈርዳለች፦

«ይሄ ቀለም ነው። ደም ሲቆይ ይጠቁራል፤ ይሄ እኮ እንደ ቲማቲም ድልህ ቀልቶ ቀረ።»

«ይሄ አንጀት የበግ ነው። ሥጋ ቤት ሄደሽ ግዢ፣ ይሰጥሻል።»

«እግሩን አሸዋ ውስጥ ቀብረውለት ነው እንጂ አልተቆረጠም። ጉልበቱ ጋ ያለውን እብጠት አታዪውም?»

ሳቅ በሳቅ እንሆናለን። የርካሽ ፊልም ትልቁ ደስታ ይሄ ይመስለኛል፤ ተመልካቹ ከፊልሙ በላይ ብልጥ ነው። ጥሩ ፊልም ፊት ተማሪ ናችሁ፣ መጥፎ ፊልም ፊት መምህር!

«ሞቱ» የተባሉት ተዋንያን ተጠሩ

ከሁሉም ግን የአንዱ ነገር ለብቻው ነው፤ የዴዮዳቶ «ካኒባል ሆሎኮስት»። በ1979 ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ሌቲሲያ በምትባል የአማዞን ወንዝ ዳር ከተማ አካባቢ ተቀረጸ። ታሪኩ እንዲህ ነው። አራት ወጣት አሜሪካውያን ስለ ሰው በላዎች ዘጋቢ ፊልም ሊሠሩ ጫካ ገብተው ይጠፋሉ። አንድ ፕሮፌሰር ሊፈልጋቸው ይሄድና እነሱን ሳይሆን የቀረጹትን ፊልም አግኝቶ ይመለሳል። ኒውዮርክ ላይ ፊልሙ ሲታይ ጉዱ ይወጣል። ልጆቹ ለጥሩ ምስል ሲሉ መንደር አቃጥለዋል፣ ሴት ደፍረዋል፣ ሰው ገድለዋል። የተበሉት ከዚያ በኋላ ነው። ዴዮዳቶ ራሱ እንደተናገረው ሐሳቡ የመጣለት የጣሊያን ቴሌቪዥን ስለ «ቀይ ብርጌድ» ግድያዎች የሚያሳየውን ዜና አይቶ ነው። ለጋዜጠኛው ደም ገበያ ነው ለማለት ነበር።

ፊልሙ በየካቲት 1980 ሚላኖ ላይ ታየ፤ በአሥር ቀን ውስጥ ተያዘ። መጀመሪያ ክሱ የብልግና ነበር። ቀጥሎ ግን «ተዋንያኑ በእውነት ተገድለዋል» የሚል ወሬ ተነሣ። ዴዮዳቶ የዘራውን አጨደ። ወሬው እውነት እንዲመስል ተዋንያኑ ለአንድ ዓመት ከሕዝብ ዓይን እንዲጠፉ አስፈርሟቸው ነበርና! አሁን ነፍስ ገዳይ ሊባል ሲል ሰዎቹን እያሳደደ «ኧረ ብቅ በሉልኝ» ይል ጀመር። በሕይወት እንዳሉ ታየ፤ የግድያውም ነገር ቀረ።

እንጨት ላይ ተሰክታ ስለምትታየው ልጅም ማስረዳት ነበረበት። ምሥጢሩ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ብረት ላይ የተበየደ የብስክሌት ኮርቻ! ልጅቱ ኮርቻው ላይ ተቀምጣ፣ አጭር ቀላል እንጨት በአፏ ይዛ፣ ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ዓለምን ያስጮኸው ምስል በብስክሌት ኮርቻ ተሠራ። ይህን ያነበብኩ ቀን ለሰውየው ያለኝ አድናቆት ጨመረ፤ አልዋሻችሁም።

በመጨረሻ ዴዮዳቶና አብረውት የተከሰሱት የአራት ወር የገደብ እስራት ተፈረደባቸው። ፊልሙም እስከ 1984 በጣሊያን ታግዶ ቆየ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ በ1980ዎቹ «ቆሻሻ ቪዲዮዎች» ተብለው ከየሱቁ ከተለቀሙት መሃል አንዱ ነበር፤ ባለሥልጣኖቹ 15 ሰከንድ ያህል ብቻ ቆርጠው ያሳለፉት በ2011 ነው።

ነርሷ ዝም ያለችበት ደቂቃ

ያንን ፊልም ያየነው ማታ ነርሷ እንደ ልማዷ እየፈረደች ነበር። የብስክሌት ኮርቻውንም ሳልነግራት ጠርጥራለች። ከዚያ ወንዝ ውስጥ ያለ ትልቅ ኤሊ ጎትተው የሚያወጡበት ቦታ ደረስን። ፈንዲሻው አፏ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«ይሄ እውነት ነው» አለች። «ዝጉት።»

ልክ ነበረች። ኤሊው እውነት ነው። አሳማው እውነት ነው። እባቡ፣ ሸረሪቷ፣ ያቺ አፈ ሹል የጫካ አውሬም እውነት ናት። ጦጣ የሚገደልበት ትዕይንት ሁለት ጊዜ ስለተቀረጸ ሁለት ጦጣዎች ሞተዋል። ለአንድ ምስል፣ ሁለት! ዴዮዳቶ «የአገሩ ሰዎች በልተዋቸዋል» እያለ ሲከራከር ቆይቶ በኋላ ዘመኑ እንስሳቱን መንካት እንዳልነበረበት ተናግሯል። በታኅሣሥ 2022፣ በ83 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ይህ ጥያቄ አልለቀቀውም። በ«ካኒባል ፌሮክስ» ላይ የተወነው ጆቫኒ ሎምባርዶ ራዲቼ ደግሞ አሳማ ግደል ሲባል እምቢ ማለቱን ደጋግሞ አውርቷል፤ ያንን ፊልም መሥራቱንም እስከ መጨረሻው አልወደደውም።

ለኔ ግን ከኤሊው የባሰው ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው። ፊልሙ መሃል ላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዋ ሴትዮ ለፕሮፌሰሩ ልጆቹ ከዚያ በፊት የሠሩትን አጭር ፊልም ታሳየዋለች። ወታደሮች ሰዎችን ሲረሽኑ ይታያል። ካሳየችው በኋላ «ይሄ ሁሉ ድራማ ነው፣ ልጆቹ ከፍለው ያሠሩት ነው» ትለዋለች። እኛም «አሃ!» ብለን አለፍን። ነርሷም ሥዕሉ ደብዛዛና ፈጣን ስለሆነ ምንም አላለች።

ያ ድራማ አልነበረም። ከናይጄሪያና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የተገኘ እውነተኛ የግድያ ፊልም ነው። የሚወድቁት ሰዎች ዳግመኛ አልተነሡም።

እስቲ አንድ ጊዜ አስቡት። በዚህ ፊልም ውስጥ አራት ነጮች በውሸት ሞቱ። ሕግ ተነሥቶ «የት አሉ? አቅርባቸው!» አለ፤ ቀረቡ። ጥቁሮቹና እስያውያኑ ግን በእውነት ሞተዋል፤ ፊልሙ ደግሞ «ውሸት ነው» አለን፤ እኛም አመንነው። «እውነት ነው ውሸት?» የምትለዋ ጨዋታችን ላይ የተሸነፍነው እዚያ ነው። ብልጥ ነን ባልንበት ሰዓት!

ማን ነው ሰው በላው?

ይህ ነገር በዴዮዳቶ አልተጀመረም። በ1962 ያኮፔቲ፣ ካቫራና ፕሮስፔሪ የተባሉ ጣሊያኖች «ሞንዶ ካኔ» የሚል ፊልም ሠሩ። ከየዓለሙ ዳርቻ ጉድ የተባለውን ሁሉ ለቅሞ «እውነት ነው» እያለ የሚያሳይ ነው። ዓለም ተጋፍቶ አየው። ሙዚቃውን ከሠሩት አንዱ ሪስ ኦርቶላኒ ነው። የ«ካኒባል ሆሎኮስት»ንም ሙዚቃ የሠራው እሱው ነው፤ ሰው እየታረደ ከኋላ ለሠርግ የሚሆን ለስላሳ ዜማ የሚያስሰማን! በ1966 ያኮፔቲና ፕሮስፔሪ ካሜራቸውን ወደኛ አህጉር አዙረው «አፍሪካ አዲዮ»ን አመጡ። የዛንዚባርን እልቂት፣ የኮንጎን ግድያ ቀረጹ። ያኮፔቲ ግድያ ለካሜራ እንዲመች አድርጓል ተብሎ እስከ መጠርጠር ደርሶ ነበር፤ ተመርምሮ ነፃ ተባለ። ግን ጥርጣሬው ራሱ ምን ዓይነት ሥራ እንደነበረ ይናገራል።

ለኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ነገሩ ጭራሽ እንግዳ አይደለም። በ1935 የሙሶሊኒ መንግሥት ሊወረን ሲዘጋጅ ለመንግሥታቱ ማኅበር ያቀረበው ማስታወሻ ነበር፤ ፎቶግራፎች ጭምር ያሉበት፣ «እነዚህ አረመኔዎች ናቸው» የሚል። አንድን ሕዝብ መጀመሪያ በሥዕል አረመኔ ታደርገዋለህ፤ ከዚያ የፈለግኸውን ብታደርገው ማን ይጠይቅሃል?

ዴዮዳቶም ፊልሙ ላይ የተጠቀመበት የያኖማሚ ሕዝብ ስም የእውነት ስም ነው። ሰዎቹ የሚኖሩት በቬኔዝዌላና በብራዚል ድንበር ነው፤ ፊልሙ በተቀረጸበት ቦታ እንኳ አይደሉም። የሟች ዘመዳቸውን አስከሬን አቃጥለው፣ አመዱን ከሙዝ ሾርባ ጋር ቀላቅለው በልቅሶ የሚጠጡበት ሥርዓት አላቸው። ፍቅር ነው፣ ናፍቆት ነው። ሰው አድኖ መብላት ግን የፊልሙ ፈጠራ ነው። ተዋንያኑ ከየጋዜጣው ፊት ቀርበው «አልሞትንም» አሉ። ያኖማሚዎቹ «ሰው አንበላም» የሚሉበት ጋዜጣ የት ያገኛሉ?

እዚህ ላይ የበላኤ ሰብ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያላየው ማን አለ? የቅምሩ ሰው፣ ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ፣ ቤተሰቡን እንኳ ያልማረ። አንድ ቀን በውኃ ጥም የሚሰቃይ ድውይ በእመቤታችን ስም ለመነውና ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በሚዛኑ ቀን ያቺ ጥርኝ ውኃ አዳነችው። ልብ በሉልኝ፣ በእኛ ታሪክ ሰው በላው ሩቅ ጫካ ያለ ቋንቋው የማይሰማ ፍጥረት አይደለም። ከተማ ያለው፣ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ከኛው አንዱ ነው። ነፍስም አለው፤ ይመዘናል። የጣሊያኖቹ ሰው በላ ግን ነፍስ የለውም፤ ጥርስ ብቻ ነው። ለነጮቹ ስም ተሰጠ፣ ለእነሱ ቅጠል ተሰጠ።

ዴዮዳቶ ይህ ገብቶት ነበር ባይ ነኝ። ፊልሙ የሚያልቀው ፕሮፌሰሩ ከሕንፃው ወጥቶ ሰው በላው ማን እንደሆነ ሲጠይቅ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ችግሩ፣ ጠያቂውም እጁ ላይ የኤሊ ደም አለበት።

ከካሴት ወደ ስልክ

«ይሄ ሁሉ የድሮ ወሬ ነው» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። በ1999 «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» የተባለው ፊልም የዴዮዳቶን ዘዴ ወሰደ። የጠፉ ወጣቶች፣ የተገኘ ፊልም፣ «እነዚህን ልጆች ያየ» የሚል ማስታወቂያ። በጥቂት አሥር ሺህ ዶላር ተቀርጾ ወደ ሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ከዚያ ወዲህ የሚወዛወዝ ካሜራ ማለት «እውነት» ማለት ሆነ። ዛሬ ያ ካሜራ የሁላችንም ኪስ ውስጥ አለ።

ባለፉት ዓመታት በአገራችን ጦርነትና ግጭት ጊዜ በየስልካችን ምን ምን ሲላክ እንደነበረ አስታውሱ። እኔ ያለሁበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ የሚበዛው ቀልድና የሥራ ማስታወቂያ ነው። አንድ ማታ ቪዲዮ ተላከ። ደብዛዛ ነው፣ ይወዛወዛል፤ ሰዎች አንድን ሰው ከበው ይደበድባሉ። ወዲያው ክርክሩ ጦፈ። «ፌክ ነው»፣ «የሌላ አገር ነው፣ ዛፉን አታዩትም?»፣ «ቆይ እስቲ አጉሉት»፣ «ደሙ ደም አይመስልም»። የቅዳሜ ማታው የኛ ጨዋታ ቁጭ አላለላችሁም?

ግማሽ ሰዓት ያህል ከተባለ በኋላ ብዙ የማትናገር አንዲት ልጅ ጻፈች፦ «ጃኬቱን አውቀዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ነው።» ከዚያ ከግሩፑ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልጻፈም። ቪዲዮው ግን እስከዚያ ሰዓት ድረስ ወደ ስንት ግሩፕ እንደተላለፈ እግዜር ይወቀው። እናቱስ በየትኛው ስልክ አይታው ይሆን?

እንያቸው ወይስ እንተዋቸው?

እንግዲህ ምክር የሚጠበቅብኝ እዚህ ላይ ነው። ተዉ አልላችሁም። እኔ ራሴ አልተውኩም፤ የምሬን ነው። የብስክሌት ኮርቻው አሁንም ያስቀኛል፣ አፉን ዘግቶ የሚያወራው ሰውዬም። ፍርሃትን በሰላም ቦታ መቅመስ ነውር አይደለም፤ ልጅ ሆነን ጭራቁን የለመንነው ሰዎች ነን። ግን አንዳንድ ነገር ብንስማማስ?

አንደኛ፣ ስታዩ ሰው ምረጡ። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሴት ልጅ የምትደፈርባቸው ትዕይንቶች አሉ። ሳትነግሩ ፍቅረኛችሁን ወይም እንግዳ ሰው አስቀምጣችሁ አትክፈቱ። አጠገባችሁ ያለችው ልጅ ምን አሳልፋ እንደመጣች አታውቁም። «እስቲ ትፈራ እንደሆነ ልያት» የምትሉ ወንዶች ደግሞ፣ ይህ ፋርነት ነው። ልጆች ባሉበት ቤትማ ጨርሶ!

ሁለተኛ፣ የ«ካኒባል ሆሎኮስት» እንስሳት የሚገደሉበት ትዕይንት የወጣለት ቅጂ አለ፤ እሱን ፈልጉ። ከፊልሙ አንዳች አይጎድልበትም። ያ ቅጂ ከሌላችሁም ጣታችሁ ያለው ለዚህ ነው፤ አሳልፉት። የሞተ ኤሊ ባይነሣም፣ ሞቱ መዝናኛ ሆኖ እንዳይቀጥል የእናንተ ድርሻ ይሄ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ጥያቄውን ቀይሩት። «እውነት ነው ውሸት?» የምትለዋ ጥያቄ ለፊልም ጥሩ ናት፣ ታስቃለች። ስልካችሁ ላይ ለመጣ ነገር ግን አትበቃም። እዚያ የሚጠየቀው «ይህ ሰው የማን ልጅ ነው? የቀረጸው ሰው ለምን እጁን አልሰጠውም? እኔስ ለሌላ ሰው የምልከው ለምንድን ነው?» የሚለው ነው። መልሱ ካላማራችሁ ጣታችሁን ሰብስቡ። ፖሊስ ወይም ዘመድ ዘንድ መድረስ ያለበት ከሆነ ለሚመለከተው ብቻ ስጡ እንጂ፣ ለስልሳ ሰው የቁርስ ማወራረጃ አታድርጉት።

ምክንያቱም አያችሁ፣ ጣሊያኖቹ ጭራቁን ፍለጋ አማዞን ድረስ ወጪ አውጥተው ሄደዋል። እኛ የትም መሄድ አያስፈልገንም። ቁጭ ባልንበት፣ በአንዲት ጣት፣ ሳንፈራ፣ ሳንጠግብ... በበላኤ ሰብ ሚዛን ላይ ጥርኝ ውኃ ይህን ያህል ከከበደች፣ አንድ ያልተላለፈ ቪዲዮም የራሱ ክብደት ሳይኖረው አይቀርም።

ሳምንት ወደ ኩርፊያውና ወደ ጠፋው ወንድ እንመለሳለን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት!